ስሙ ጠርዙ ላይ አለ

በሳምንት ሁለት ቀን በአንድ ወታደራዊ ሙዚየም በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። መጀመሪያ ወታደር ነበርኩ፣ ከዚያ ፖሊስ፣ አሁን ጡረተኛ። ሰዎች ይህን ሲሰሙ "አሁንም ከጠመንጃ አልተላቀቅክም?" ይሉኛል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ብዙውን ሰዓት የማሳልፈው ከመዝገብ ጋር ነው።

ፖሊስ ቤት ኤግዚቢት ሲገባ ማን አመጣው፣ የት ተገኘ፣ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ ተብሎ ይጻፋል። መሀል ላይ አንድ እጅ ከጠፋ ማስረጃው ይደክማል። ሙዚየምም እንደዚያው ነው። የማን እንደነበረ የማይታወቅ የብረት ቆብ ለእኔ ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ አንድ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ ሲመጣ ጨርቁ ሳይፈታ እስክሪብቶዬን አወጣለሁ። የትኛው ጦር ክፍል ነበሩ? ፎቶ አለ? ደብዳቤስ?

አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ሜዳሊያ አትወልውሉ። ብዙ ቤተሰብ ለክብሩ ብሎ አብረቅርቆ ያመጣዋል፤ ይገባኛል፣ እኔም ወታደር ሳለሁ የቀበቶዬን ዘለበት ፊቴ እስኪታየኝ ነበር የምወለውለው። ግን ብሪታንያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለዘመቱ ወታደሮቿ የሰጠቻቸውን ክብ ሜዳሊያዎች ብታዩ፣ የወታደሩ መለያ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስምና ጦር ክፍል ጠርዙ ላይ ተቀርጾ ታገኛላችሁ፤ በተወለወለ ቁጥር ብረቱ ትንሽ ትንሽ እያለቀ ሄዶ መጨረሻ ላይ የሚጠፋው ያ ስም ነው። ለዘመናት በሳጥን የቆየ የሰው ስም በእኛው ጨርቅ ሲጠፋ ያሳዝናል።

የድሮ የአውሮፕላን መለኪያዎችና ሰዓቶችንም ከፍታችሁ አታጽዱ። በጨለማ እንዲያበሩ ራዲየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ባለበት ቀለም የተቀቡ አሉ። ቀለሙ ማብራቱን ቢተውም ጨረሩ አልተወም፤ ራዲየም በግማሽ ለመቀነስ እንኳ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል።

አንድ ቀን ደግሞ አንዲት እናት የእጅ ቦምብ በፌስታል ይዘው መጡ። የሟች ባለቤታቸው ሳጥን ውስጥ ነው ያገኙት። "ባዶ ነው ልጄ" አሉኝ። በዓይን አይቶ ባዶ ነው ማለት አይቻልም። "እማማ፣ ቀስ ብለው እዚያው ያስቀምጡልኝ" አልኳቸው፣ ሰዉን ሁሉ አስወጣንና ፈንጂ አምካኞች ጠራን። እባካችሁ፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ አትንኩት፣ ይዛችሁም አትምጡ። ለፖሊስ ደውሉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዛውንት ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ። በጀርባ የሚታዘለው የመገናኛ ሬዲዮ ፊት ቆሙና አልተነቃነቁም። ልጁ እጃቸውን ቢጎትትም አልሰሙትም። ያን አቋቋም አውቀዋለሁ፤ እንደዚያ ለቆመ ሰው ጥያቄ አይቀርብም። ወንበር አመጣሁላቸው፣ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከብዙ ዝምታ በኋላ "ዝናብ ሲመታው ክብደቱ እጥፍ ይመስል ነበር" አሉ። ልጁ ቀና ብሎ አያቸው። "አያዬ፣ አንተ ነህ የተሸከምከው?"

እስክሪብቶዬን ያን ቀን አላወጣሁም። ሐሙስ እመለሳለሁ ብለውኛል። መዝገቡ ላይ አንድ ገጽ ባዶ ትቼላቸዋለሁ።