የጣሪያ ውሃ ማጠራቀም፦ ሥራው የሚበላሸው አሸንዳው ላይ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ የጭቃ ቤት አድሶ ለአካባቢ የሚስማማ ማድረግ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ከውጭዎቹ መመሪያዎች ይለያል፦ ከሶላር አትጀምሩ። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከግድብ ስለሚመነጭ ፓኔል የሚቀንሰው ብክለት ትንሽ ነው። የቧንቧ ውሃ ግን በፈረቃ ነው፤ ሲጠፋ በናፍጣ በሚሄድ ቦቴ ይመላለሳል። እኔ ገንዘቤን ያዋልኩት የጣሪያውን ውሃ መያዝ ላይ ነው።

በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ይሆናል። ጣሪያዬ 60 ካሬ ነው፤ ሐምሌም ነሐሴም ከ200 ሚሊሜትር በላይ ይዘንባል። አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ በወር 9,600 ሊትር ይገኛል። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ይበቃል። ለበጋ ብሎ ሁለተኛ መግዛት አያዋጣም፤ በቀን 100 ሊትር ብትቀዱ የሚጨምርላችሁ 50 ቀን ብቻ ነው።

ሮቶው ሲሞላ 5 ቶን ይመዝናል። ጥቁር አፈር ከሆነ ግማሽ ሜትር አውጥታችሁ ድንጋይ ሙሉበት፣ በላዩ 15 ሴንቲሜትር አርማታ በፌሮ አፍስሱ፣ ከግድግዳውም ቢያንስ 1 ሜትር አርቁት።

አሁን ወደ አሸንዳው። ሠሪዎች ከፊት ሲታይ እንዲያምር ብለው ልክ እንደ መስመር አግድም ይሰቅሉታል። የእኔንም እንዲሁ ነበር የሰቀሉት፤ ዛሬም ያበሳጨኛል። አግድም አሸንዳ ውሃ ያቁራል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይበሰብስበታል፣ ትንኝ ይራባበታል። በረዶ ሲጥል ክብደቱ መሐሉን ያጎብጠዋል፣ ውሃው በኋላው ጠርዝ ሞልቶ ግድግዳው ላይ ይወርዳል። የጭቃ ቤት ይህን አይችልም፦ መጀመሪያ ልስኑ ይረግፋል፣ ከዚያ ጭቃው ይለቃል፣ በመጨረሻ የቋሚው እግር ይበሰብሳል።

ስለዚህ ሠሪው መሰላል ላይ ሳይወጣ በፊት እነዚህን አስምሩበት። በ1 ሜትር 5 ሚሊሜትር ቁልቁለት ይኑረው፤ 10 ሜትር ከሆነ ጫፍና ጫፉ 5 ሴንቲሜትር ይለያያል። በዓይን ግምት ሳይሆን በሲባጎና በውሃ ልክ ይለካ። መያዣ ብረቱ በየ50 ሴንቲሜትሩ ይመታ፤ በየሜትሩ ይበቃል ሲሏችሁ እሺ አትበሉ። ስፋቱ ከ15 ሴንቲሜትር አይነስ። የፊቱ ጠርዝ ከኋላው ዝቅ ይበል፤ ያኔ ቢሞላ እንኳ ወደ ውጭ ይፈስሳል እንጂ ወደ ግድግዳ አይመለስም። ይህን ሳይጠየቅ የሚሠራ ሠሪ አላየሁም። ቆርቆሮው አሸንዳው ውስጥ 5 ሴንቲሜትር ያህል ይግባ፤ ካነሰ ውሃው ከሥሩ እየተጠቀለለ ጣውላውን ያበሰብሳል።

የመጀመሪያው ዝናብ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ ሮቶ ውስጥ መግባት የለበትም። ለ1 ካሬ ግማሽ ሊትር ማስወገድ በቂ ነው። ጣሪያዬ ሁለት ጎን ስላለው በእያንዳንዱ 30 ካሬ ጎን 15 ሊትር ይሆናል፤ 110 ሚሊሜትር ፒቪሲ ቱቦ በሜትር 8.5 ሊትር ገደማ ስለሚይዝ ይህን ውሃ እንዲይዝ ለየጎኑ 1.8 ሜትር ቱቦ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ከታች በሚፈታ ክዳን ዝጉት፣ ክዳኑ ላይ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ብሱ፤ ዝናቡ ሲያባራ ተንጠባጥቦ ራሱን ባዶ ያደርጋል። ቱቦው ሲሞላ ንጹሑ ውሃ ከላይ ባለው ባለ ሦስት አፍ ማገናኛ (ቲ) ወደ ሮቶው ያልፋል። ቀዳዳው በጭቃ ስለሚደፈን በክረምት በየሳምንቱ ክዳኑን ፍቱት።

ስለ ፈቃድ፦ የዕድሳት ማመልከቻችሁ ላይ "የሮቶ መሠረት" ብላችሁ ከነንድፉ ለይታችሁ ጻፉ። እኔ የገጠመኝ ባለሙያ አርማታውን እንደ ተጨማሪ ክፍል ቆጥሮ ጉዳዩን ያለ ምክንያት አጓተተው፤ ይባስ ብሎ የጣሪያ ውሃ በሙሉ በቀጥታ ወደ ቦይ ይውጣ አለ። አልተስማማሁም። ወደ ቦይ መሄድ ያለበት ከሮቶው የተረፈው ብቻ ነው፤ የትርፍ መውጫው ቱቦም ከመግቢያው አይቅጠን፣ አፉም በወንፊት ይሸፈን።

ውሃው ለልብስ፣ ለመጸዳጃና ለጓሮ ነው፤ ለመጠጥ አላውለውም። የቧንቧ ሠራተኛው ከመንግሥት መስመር ጋር ላገናኘው ቢል፣ ማዞሪያ አደርግበታለሁ ቢልም፣ አትፍቀዱ። በፈረቃ ግፊቱ ሲወርድ የሮቶው ውሃ ወደ ሰፈሩ የመጠጥ መስመር ሊሳብ ይችላል። ለብቻው ቱቦ፣ ለብቻው ቧንቧ ይኑረው፤ ከሮቶው ላይም "አይጠጣም" ተብሎ በቀለም ይጻፍ።