አንድ ኪሎ ሜትር በማን እግር?

የመንደር ውኃ፣ ግጦሽና መንገድ የሚያሳይ ካርታ ከነዋሪው ጋር ይሣል ባይ ነኝ፤ ካርታ ላይ በኮምፓስ የሚዞር ክብ ያናድደኛል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የገጠር ውኃ ልክ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር፣ ያውም በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚል ነበር። ምንጩን ነጥብ አድርጎ ክብ ላዞረበት ሰው ክቡ ውስጥ የገባ ቤት ሁሉ ውኃ አግኝቷል። ወሎ ግን ሜዳ አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ በአየር 13 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን 600 ሜትር ገደማ ነው።

ስለዚህ ከርቀቱ ይልቅ ሰዓቱን መያዝ ነው። ተራራ ወጪዎች የሚጠቀሙበት የቆየ ስሌት አለ፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ 1 ሰዓት። ምንጩ 1 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ 300 ሜትር ዝቅ ብሎ ገደል ውስጥ ካለ፣ መመለሻው ብቻ 12 ሲደመር 30፣ 42 ደቂቃ ይፈጃል። ይህም ለባዶ እጅ ነው። የሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ስሌቱ እሱን አያውቅም። ትክክለኛውን የሚያውቁት ቀጂዎቹ ናቸው፤ አብሮ ወርዶ፣ ወረፋውን ጨምሮ መመዝገብ ነው። (ገደል ውስጥ የስልክ ጂፒኤስ ይስታል፤ ነጥቡን ሰማይ ከሚታይበት ቦታ መያዝ ይሻላል።)

ሽማግሌዎችን ብቻ ዛፍ ሥር ሰብስቦ የተሣለ ካርታ የሽማግሌዎች ካርታ ነው። ሴቶች ለብቻቸው ይሣሉ፤ ስብሰባው በውኃ መቅጃ ሰዓት ከተጠራማ የሚመጣውም የለ።

ወደ አፋር መውረጃ በሆነችው ባቲ አካባቢ ደግሞ የበጋና የክረምት ሁለት ካርታ ያስፈልጋል። አርብቶ አደሩ ለጊዜው የለቀቀውን መሬት "ባዶ" ብሎ መጻፍ ቀላል ስሕተት አይደለም። በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻ ሲስፋፋ የተወሰደው የአፋር ከብት የበጋ ግጦሽ ነበር፤ በ1965 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ መሸሻው ታጥሮ ቆየ። አፋሩን ለመጠየቅ የባቲ የሰኞው ገበያ ይመቻል። የቦታውም ስም በአማርኛ ብቻ አይቅር፤ በኦሮምኛ፣ በአፋርኛ፣ በአርጎብኛ የሚጠራበት ካለ ጎን ለጎን ይጻፍ።

ካርታ ለክፉም ይውላል። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች የሚኖሩበት ሰፈር በቀይ እየተቀለመ ለቤት ብድር አደገኛ ተባለ። በ1968 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዲትሮይት ላይ የጂኦግራፊ ምሁሩ ዊሊያም ቡንጊና የሰፈሩ ወጣቶች፣ ጓዌንዶሊን ዋረንን ጨምሮ፣ የነጮች መኪና ጥቁር ሕፃናትን የሚገጭበትን መንገድ በካርታ ማሳየት ጀመሩ። መሣሪያው ያው ነው።

እኛም ዘንድ ሸክላ ሠሪው፣ ፋቂው፣ ቀጥቃጩ በሥራው ስም በሚሰደብበት መንደር ቤቱን በነጥብ ለይቶ ማውጣት ማጋለጥ ነው። የሚመዘገበው የሸክላ አፈሩ ጉድጓድ፣ ማገዶው፣ የገበያ መንገዱ ይሁን፤ ጉድጓዱ በሌላ ሰው ይዞታ ውስጥ ከተጠቃለለ ሙያው አበቃለት። የካርታው ዋና ወረቀት ቀበሌው ዘንድ ይቀመጥ፣ ወረዳው ቅጂውን ይውሰድ። የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ተገላቢጦሹ ነው።