ለእንቁራሪት ብዬ ያስቆፈርኩት ጉድጓድ

ልጅ ሳለሁ፣ ክረምት ሲገባ እንቁራሪት ሲጮህ እየሰማን ነበር የምንተኛው። አዲስ አበባ ውስጥ ነው የምላችሁ። ድምፁ ከሰፈራችን ከጠፋ ቆየ። ናፈቀኝና የዛሬ ሁለት ዓመት ጓሮዬ ጥግ ትንሽ ጉድጓድ አስቆፈርኩ።

መጀመሪያ አበላሸሁት። በሲሚንቶ አስለስኜ ወዲያው ውሃ ሞላሁበት። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነበር። በሳምንቱ አንዲት እንሽላሊት ሰጥማ አገኘሁ፤ መውጫ የላትማ! አዲስ ሲሚንቶ ደግሞ ኖራውን ውሃው ውስጥ ይለቃል። እንቁራሪት በቆዳው ጭምር ስለሚተነፍስ እንዲህ ያለ ውሃ አይስማማውም። አንድ ወር ያህል ውሃውን እየቀየርኩ ደፋሁ። በአንዱ በኩል ድንጋይ ደርድሬ ተዳፋት ሠራሁ። የቧንቧውን ውሃም በክሎሪኑ ምክንያት ትቼ ከቆርቆሮው የሚወርደውን የዝናብ ውሃ አስገባሁ። ትንኝ እንዳይራባ በጋ ላይ አደርቀዋለሁ።

ከዚያ ትዕግሥት አጣሁ። ከወንዝ ዳር እንቁራሪት ላመጣ ባልዲ ይዤ ስወጣ ባዮሎጂ አስተማሪ የሆነ ጓደኛዬ ያዘኝ። እንቁራሪት የሚፈጅ ኪትሪድ የሚባል የቆዳ ፈንገስ አለ፤ እኛም አገር ተገኝቷል። «እንቁራሪት ስታጓጉዝ በሽታም ልታጓጉዝ ትችላለህ» አለኝ። ባልዲውን መለስኩ። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ሲዘንብ አደረና ራሳቸው መጡ። ከየት እንደመጡ እንጃ።

ጉድጓዱስ ቀላል ነው። የከበደኝ እጄን መሰብሰብ ነው። የረገፈ ቅጠል አልጠርግም። ከግንባታ የተረፈውን ድንጋይ የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝበት ከመርኩት፤ እንሽላሊቶቹ እዚያ ይሞቃሉ። ጎመኑ ላይ መድኃኒት መርጨት አቆምኩ። ነፍሳቱን ከጨረስኩ እነሱ ምን ይበላሉ? እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያው ዓመት ጎመኑ ወንፊት ሆኖ ነበር። የጎረቤት ድመትን ግን እስካሁን አልቻልኳትም።

ከኮሽሙ አጥር ላይ እስስት የታየች ቀን ጉድ ፈላ። ጎረቤታችን እማማ «ኧረ በእመብርሃን! መርዝ ናት፣ አስገድላት!» አሉ። መርዝ እንደሌላት፣ ዝንብና ፌንጣ እንደምትለቅም ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ቆመው ሲያዩ ግን ምላሷን ወርወር አድርጋ አንድ ዝንብ ላፍ አደረገች። እማማ ዝም አሉ።

አሁን «ያቺ ልጅህ ደህና ናት?» ይሉኛል። አጥሩ አጠገብ ሲደርሱ ግን ዛሬም ነጠላቸውን ይሰበስባሉ።