ጳጉሜን 6 የገባው ገንዘብ

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሰኞ ነበር። የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። የአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር አባላት ቀኑን ሙሉ ተሰልፈው ብር ሲያስገቡ ዋሉ። የደረሰኞቹን ፋይል ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባውን ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማታ ላይ ስክሪኑ «በተሳካ ሁኔታ ተመዝግቧል» አለ። ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።

መስከረም 2 ጠዋት ገንዘብ ያዧ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ መዝገቤና ኮምፒውተሩ አልተስማሙም።» በእጃቸው በሚይዙት መዝገብ ላይ የዋዜማው ገቢ አንድ በአንድ ሰፍሯል። ሲስተሙ ላይ ግን ያ ቀን ባዶ ነው። አንድ ደረሰኝ እንኳ የለም።

ኮዱን ከፈትኩት። ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር የሚቀይረው ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ለጳጉሜን የሚያውቀው 5 ቀን ብቻ ነው። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ 6 እንደምትሆን ረስቻለሁ። 6 ሲመጣበት «ቫልዩ ኤረር» ይወረውራል፤ «ይህ ዋጋ ልክ አይደለም» የሚል ኤክሴፕሽን፣ ማለትም የስህተት ጩኸት ነው። ይህ ወዲያው የሚታረም ስህተት ነው። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ዝቅ ብሎ የተወረወረውን ስህተት የሚይዘው «ኤክሴፕት» አለ፤ ከሥሩ «ፓስ»፣ ማለትም «ምንም ሳታደርግ እለፍ»። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። ፈንክሽኑ በእያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ ጮኋል፤ እኔ ደግሞ በእያንዳንዱ ላይ አፉን ይዤዋለሁ። ያን የጻፍኩት አንድ የተበላሸ ደረሰኝ ሙሉውን ፋይል እንዳያስቆም ብዬ ነበር።

የሥራ ባልደረባዬ «እንደ ጎ ቋንቋ ስህተቱን እንደ ተራ ውጤት እንመልሰውና ከኤክሴፕሽን እንገላገል» አለኝ። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ግን በጎ ቋንቋም ቢሆን የተመለሰውን ስህተት ሳያዩ መጣል ይቻላል። ዝም ማሰኘት የፈለገ ሰው በየትኛውም ቋንቋ መንገድ አያጣም።

ስለዚህ ኤክሴፕሽኑን አልተውኩትም፤ የምይዝበትን ቦታ ቀየርኩ። ቀን የሚቀይረው ፈንክሽን ስለ ደረሰኙ የሚያውቀው ነገር የለም፤ እሱ ይወርውር። ፋይሉን የሚያስገባው ክፍል ግን የመስመሩንም የደረሰኙንም ቁጥር ያውቃል። እዚያ «ቫልዩ ኤረር»ን ብቻ ይዤ ከነቁጥሮቹ አሳያለሁ። ሌላው ያላሰብኩት ስህተት ከመጣ ፕሮግራሙ ይቁም። በሁለቱም መንገድ ትራንዛክሽኑ፣ ማለትም የፋይሉ ምዝገባ በሙሉ፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወይ ፋይሉ በሙሉ ይገባል፣ ወይ ምንም አይገባም። የሰው ቁጠባ ነዋ!

የዋዜማውን ፋይል ገንዘብ ያዧ አጠገብ ቁጭ ብዬ እንደገና አስገባሁት። እሳቸው ጣታቸውን መዝገቡ ላይ እያሳለፉ የደረሰኝ ቁጥር ጠሩልኝ፤ እኔ ከስክሪኑ መለስኩላቸው። እስከ መጨረሻው ደረሰኝ።