በ1996 ማን ዋንጫ በላ?

ዛሬ ከፒያሳ ወደ አሞራ ገደል በባጃጅ ስሄድ ሬዲዮው የስፖርት ክርክር ላይ ነበር። አንዱ ደዋይ አርሰናል፣ ሌላው ማንቼ። ጋዜጠኛው ራሱ አልቻላቸውም። የኔ ባለባጃጅ ደግሞ አርሰናል ነው፤ የሚሰሙት ይመስል ለሬዲዮው መልስ ይሰጣል!

"በ1996 ዓ.ም. 38 ጨዋታ ሳንሸነፍ ዋንጫ የበላነው እኛ አይደለንም?" አለኝ ዞሮ። (ወንድሜ፣ ፊት ፊትህን እያየህ!)

"በዚያው ዓመት እኮ የኛው ሀዋሳ ከተማም የኢትዮጵያ ሊግ ሻምፒዮን ነበር፤ በ1999ም ደግሞታል" አልኩት። ዝም አለ።

ሬዲዮውማ እስክወርድ ድረስ ስለ ሀዋሳ ከተማም ሆነ ስለ ሲዳማ ቡና ትንፍሽ አላለም።

ሂሳብ ስሰጠው፣ "የምርህን ነው? በ1996?" አለኝ።

ልጁ ያኔ የተወለደም አይመስለኝም። "ሳንሸነፍ" ሲል ግን አስር ቁጥር ለብሶ የተጫወተ ነው የሚመስለው 😂