ድዳችሁ የሚደማ ከሆነ መጀመሪያ "ለኩልኝ" በሉ

ይሄን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ሁለት መንጋጋዎቼ ዛሬ አፌ ውስጥ ስለሚኖሩ ነው።

ስቦርሽ ይደማኛል ብዬ ሄድኩ፣ አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል ጻፉልኝ፣ ዋጥኩ፣ ለጥቂት ጊዜ ተሻለኝና ተመለሰ። ከዛ ጥርሴን አጠቡልኝ፣ መስታወት ሰጥተው አሳዩኝ፣ ነጭ ሆኗል፣ ከፍዬ ወጣሁ።

የሚያናድደኝ እዚህ ጋ ነው። ያጠቡት የሚታየውን ብቻ ነው፣ በሽታው ያለው ግን ከድዱ ስር ነው። ጥርስ ላይ የሚቀረው ቆሻሻ በቀናት ውስጥ ድንጋይ ይሆናል፣ ወደ ስር ሲወርድ ድዱ ከጥርሱ ይለቅና ኪስ ይሰራል፣ እዛ ውስጥ ባክቴሪያው ሲራባና ድዱ ሲቆጣ ጥርሱን የያዘው አጥንት እየተበላ ይሄዳል። ድዱ ብቻ ሲቆጣ ይድናል፣ የተበላ አጥንት ግን በራሱ አይመለስም። ይሄን ለማወቅ የሚሊሜትር ምልክት ያለው ቀጭን ብረት ይበቃል፣ የኪሱ ጥልቀት በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ 6 ቦታ ይለካል፣ እስከ 3 ሚሊሜትር ደህና ነው፣ ከ4 ጀምሮ ችግር አለ ማለት ነው። ያቺን ብረት ማንም አላነሳትም! ጥርሴ መነቃነቅ ሲጀምር ተመልሼ ብሄድ "እድሜ ነው፣ ይነቀል" አሉኝ። አርባ እንኳን ሳይሞላኝ!

ሌላ ቦታ ያገኘኋት ዶክተር ገና እንደተቀመጥኩ ለካችኝ፣ እሷ "አራት፣ ሰባት፣ ስድስት" እያለች ትጠራለች ረዳቷ ይጽፋል፣ ራጁ ላይም አጥንቱ ወርዶ አየሁት። ሁለቱ አልፎባቸው ተነቀሉ። የቀሩት ጥርሶቼ ላይ ያለውን ድንጋይ በማደንዘዣ ከድዱ ስር ጠርጋ አወጣችው።

ከዛ በኋላ ጥርሶቼ መሃል ክፍተት መጣ፣ ቀዝቃዛ ውሃም ጠዘጠዘኝ። "ማሳጠብ ጥርስ ያላላል" የሚባለው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፣ ግን እብጠቱ ሲጎድል ነው ክፍተቱ የሚታየው፣ አትስሟቸው።

በ6 ወር አንዴ ታጠቡ የሚባለው ኪስ ላለው ሰው ይርቃል፣ እኔ በየ3 ወሩ ነው የምሄደው። ደማ ብላችሁ መቦረሽ አታቁሙ። መፋቂያ ጥሩ ነው ግን መሃል አይገባም፣ የጥርስ መሃል ብሩሽ ግዙ። ሲጋራ የምታጨሱ፣ አልደማም ብላችሁ አትዘናጉ፣ ሲጋራው መድማቱን ይደብቀዋል። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ይበልጥ፣ ስኳሩ ድዱን ይጎዳል ድዱም ስኳሩን ያስቸግራል።

ክሊኒክ ስትደውሉ እጥበት ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት ኪስ ትለካላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ምን ማለት ነው ካሏችሁ ስልኩን ዘግታችሁ ሌላ ፈልጉ።