ባትሪም ይበርደዋል፦ በተጎታች ቤት ወደ ዩታ በረሃ

ከአውሮራ ኮሎራዶ ተነሥተን በአውራ ጎዳና 70 ወደ ምዕራብ ያቀናነው በጥቅምት መጨረሻ ነበር። መድረሻችን በምሥራቅ ዩታ ሳን ራፋኤል ስዌል የሚባለው የቀይ ድንጋይና የአሸዋ አገር፣ ከጎብሊን ቫሊ ብዙም የማይርቅ ገላጣ ሜዳ ነው። አብዛኛው መሬት በአህጽሮት ቢኤልኤም የሚባለው የፌዴራል የመሬት አስተዳደር ቢሮ የሚያስተዳድረው በመሆኑ፣ ከተከለሉ ቦታዎች በስተቀር ማንም ሰው ያለ ክፍያ ተጎታቹን አቁሞ ማደር ይችላል፤ ሆኖም በ28 ቀን ውስጥ ከ14 ቀን በላይ በአንድ ቦታ መቀመጥ አይፈቀድም። ክፍያ የለም ማለት ውኃም፣ መጸዳጃም፣ የመብራት ሶኬትም የለም ማለት ነው።

ከእኔና ከባለቤቴ ጋር በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጡት አማቴ ነበሩ። «የሞቀ ቤት እያለ በረሃ ማደር ምን የሚሉት ነው?» ብለው አንድ ጊዜ ከጠየቁ በኋላ ጉዳዩን ዳግመኛ አላነሡም፤ ጋቢያቸውን፣ ጀበናቸውንና ጥሬ ቡናቸውን ብቻ አዘጋጁ። 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለውን የአይዘንሃወር ዋሻ መኪናችን እያቃሰተች አለፈች፤ ከዚያ በኋላ ያለው 450 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ግሪን ሪቨር ላይ ነዳጅ እስክንሞላ ድረስ፣ አማቴ እንቅልፍ ላይ ስለነበሩ በጸጥታ አለቀ።

ተጎታቹ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አንድ የእርሳስ ባትሪ ነበር። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከያዘው ኃይል ግማሹን ብቻ መጠቀም ስለሚመከር፣ ለአንድ ቀዝቃዛ ሌሊት እንኳ አያስተማምንም። ስለዚህ በበጋው እያንዳንዳቸው 100 አምፔር-ሰዓት የሚይዙ ሁለት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪዎች፣ በጣሪያው ላይ በድምሩ 400 ዋት የሆኑ የሶላር ሰሌዳዎችና 2,000 ዋት ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ሶኬት ኃይል የሚቀይር መሣሪያ) አስገጠምን። ሁለቱ ባትሪዎች ሲሞሉ የሚይዙት 2,560 ዋት-ሰዓት (አንድ ዋት የሚስብ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚፈጀው አንድ ዋት-ሰዓት ነው) ያህል ነው። ሥራውን የሠራልን የተጎታች መሸጫ ለእጅ ብቻ 600 ዶላር አስከፍሎን፣ ባትሪዎቹን የድሮው ባትሪ በነበረበት ቦታ፣ ማለትም ከፊት ባለው የመጎተቻ ብረት ላይ፣ በፕላስቲክ ሣጥን አድርጎ ደጅ አስቀመጣቸው። የቦታው ነገር ኋላ ዋጋ አስከፍሎናል።

ቁጥሮቹን የማነሣው ያለ እነርሱ በረሃ ውስጥ የሚሆነው ነገር ስለማይገባ ነው። አማቴ ምጣዱን ይዘን እንድንሄድ ፈልገው ነበር። ምጣዱ 1,500 ዋት ያህል ይስባል፤ እስኪግል ከሚፈጀው ጊዜ ጋር ሃያ እንጀራ ለመጋገር ከባትሪዎቹ ግማሽ የሚጠጋውን ኃይል ሊወስድ ይችላል፣ ያንን ለመመለስ ደግሞ የጥቅምት ፀሐይ አንድ ሙሉ ቀን ትፈልጋለች። እንጀራው ከቤት ተጋግሮ ሄደ። ማቀዝቀዣው፣ መብራቶቹ፣ የውኃ መግፊያውና ስልኮቻችን በአንድ ላይ ሆነው በቀን ከ600 ዋት-ሰዓት ብዙም አያልፉም። እሳት የሚሻውን ነገር ሁሉ ለፕሮፔን ጋዝ፣ የቀረውን ለፀሐይ ትተን መኖር ይቻላል ብዬ ነበር የወጣሁት፤ አሁንም የማምነው ይህንኑ ነው።

የማይታየው ተካፋይ ማሞቂያው ነው። እሳቱ በጋዝ ይነድዳል፣ አየሩን ወደ ክፍሉ የሚነፋው ማራገቢያ ግን በባትሪ ይሠራል፤ በሠራ ቁጥር ሰባት አምፔር ያህል ይወስዳል፣ በረዶ በሚጥል ብርድ ደግሞ ከሌሊቱ ግማሹን ሲነፋ ያድራል። በዚያ ላይ በጥቅምት መጨረሻ ፀሐይ በእኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ 40 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትወጣ፣ በጣሪያ ላይ የተጋደመ ሰሌዳ ብርሃኑን በሰያፍ ነው የሚቀበለው። ከ400 ዋቱ 250 ሲሰጥ ያየሁት ለአፍታ ብቻ ነው።

ያም ሆኖ ሰማዩ ጥርት ባለባቸው ቀናት ባትሪዎቹ ከሰዓት በኋላ ይሞሉ ነበር። ቡናው በጋዝ ምድጃ ላይ ይቆላል፤ መጀመሪያ ውስጥ ሊቆሉት ሲጀምሩ የጭስ ማስጠንቀቂያው አገሩን በጩኸት ስለሞላው ምድጃው ወደ ደጅ ወጣ። ጎብሊን ቫሊ የጨለማ ሰማይ ጥበቃ ዕውቅና ካገኙት ፓርኮች አንዱ ነው፤ ማታ መብራቱን ስናጠፋ አማቴ «ይህ ሁሉ ኮከብ አዲስ አበባ ላይ የት ሄዶ ነው?» አሉ፤ የመብራት ኃይል ነው የበላው ለማለት ዳድቶኝ ተውኩት።

ከዚያ ደመና መጣ። ሰሌዳዎቹ ቀኑን ሙሉ ከ40 እና ከ50 ዋት ሳያልፉ ዋሉ፣ በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፤ ማታ ሰማዩ ሲገለጥ ደግሞ የምድሩን ሙቀት ይዞት ሄደ። ሊነጋጋ ሲል የማራገቢያው ድምፅ ዝግ አለና ቆመ። ባትሪዎቹ ባዶ ሊሆኑ ሲሉ ራሳቸውን ዘግተዋል። ጋዙ ከነሙሉ ጠርሙሱ ደጅ ተቀምጦ እኛ በጨለማ እንንቀጠቀጣለን።

አማቴ ተነሡ፣ ጋቢያቸውን ተከናነቡ፣ በሩን ገርበብ አድርገው ወደ ውጭ ተመለከቱና «የእነሱ አለ፤ የእኛ ብቻ ነው የሄደው» አሉ። መቶ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ በቆመው ተጎታች መስኮት ላይ ትንሽ ብርሃን ነበር። አዲስ አበባ መብራት ሲሄድ ሁላችንም በመጀመሪያ የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ የሰፈሩም ከሄደ ነገሩ የመንግሥት ነውና ሻማ ለኩሶ መጠበቅ ነው፣ የእኛ ብቻ ከሆነ ግን ቆጣሪው ጋ መሄድ ግድ ነው። እኔ ከሰፈሩ ጋር ቢሄድ ከሚመርጡት ወገን ነኝ።

ፀሐይ ስትወጣ ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቶ ነበር፤ ሰሌዳዎቹ ላይ ብርሃን አለ፣ ወደ ባትሪዎቹ የሚገባው ግን በስልኬ ላይ 0 አምፔር ይላል። ከቁጥሩ ሥር የባትሪዎቹ ሙቀት ተጽፏል፦ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ። የዚህ ዓይነት ባትሪ በብርድ ኃይል መስጠት ይችላል፣ ከዜሮ በታች ሆኖ ሲሞላ ግን ሊቲየሙ ወደ ውስጥ በመግባት ፈንታ ውጭው ላይ እንደ ብረት ይለበጥና ሴሉን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። በዚህ ምክንያት በውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ ሙቀቱ እስኪመለስ ድረስ ምንም ኃይል አያስገባም። ባትሪዎቹ ቤት ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ፤ 600 ዶላሩ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

የዚያኛው ተጎታች ባለቤት፣ የአሪዞና ታርጋ የለጠፉ ጡረተኛ ሽማግሌ፣ የባትሪዎቹን ሣጥን ክዳን ከፍቼ እንደ ቆምኩ አይተው ሳይጠሩ መጡ። ሣጥኑን በእጃቸው ዳሰሱት፣ ሳቅ አሉ፣ «አልሞቱም፣ በርዷቸዋል እንጂ» አሉኝ። ይህን ለአማቴ ስተረጉምላቸው «ባትሪም ይበርደዋል እንዴ?» ብለው ወደ ምድጃው ሄዱና ውኃ ጣዱ። ሽማግሌው ትንሿን ጀነሬተራቸውን በጋሪ እየጎተቱ አምጥተው ከተጎታቹ ጋር አገናኙልን፤ ማራገቢያው ወዲያው መንፋት ጀመረ፣ ባትሪዎቹ ግን አሁንም እምቢ አሉ። አማቴ ፍል ውኃውን በሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ሞልተው በሣጥኑ ውስጥ ከግራና ከቀኝ ወተፉ፣ ሽማግሌው አሮጌ ብርድ ልብስ አለበሱት፣ ውኃው በቀዘቀዘ ቁጥር ጠርሙሶቹ ይቀየሩ ነበር። ከሰዓት ተኩል በኋላ ቁጥሩ ከ0 ወደ 38 አምፔር ዘለለ። ለቤንዚኑ ገንዘብ ስሰጣቸው አልቀበልም አሉ፤ ቡናውን ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳያስቀሩ ጠጡ፣ በየስኒው ሦስት ማንኪያ ስኳር እየጨመሩ። ክረምቱን አሪዞና ክዋርትዛይት በረሃ እንደሚያሳልፉና የእርሳቸው ባትሪዎች ከአልጋቸው ሥር እንደሆኑ የነገሩን ሁለተኛው ስኒ ላይ ነው።

በመመለሻችን አንዲት ከተማ ውስጥ ባለ የተጎታች ማቆሚያ ሶኬት ሰክተን አደርን። ዋጋው 72 ዶላር ነበር፣ ለሦስተኛ ሰው ደግሞ 8 ዶላር ተጨማሪ። አማቴ ሒሳቡን ሲሰሙ «እኔ ስንት መብራት በልቼ ነው?» አሉ፤ የጠየቅሁት ሠራተኛም ከደንቡ በቀር መልስ አልነበረውም። ሌሊቱን ሙሉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ለኩሰን፣ የጎረቤቶቻችንን ቴሌቪዥን በግድግዳው እያዳመጥን ተኛን።

አውሮራ እንደ ደረስን ወደ መሸጫው ሄድኩ። ባትሪዎቹን ውጭ ያስቀመጡት ልማድ ሆኖባቸው ነው፤ የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ አየር በሚያገኝበት ቦታ መሆን አለበት፣ የእኛዎቹ ግን በተለመደው አሞላል ያን ጋዝ አያወጡም። ገንዘቡን አንመልስም አሉ። ከፊት ካለው አልጋ ሥር ያለውን ሣጥን አጽድቼ፣ ወፈር ያለ አዲስ ገመድና ፊውዝ ገዝቼ፣ ሁለቱንም ራሴ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። ገመዱና ፊውዙ በድምሩ 90 ዶላር ፈጁ። መኪናው እየሄደ ሳለ ባትሪዎቹን በ30 አምፔር የሚሞላ መሣሪያም አዝዣለሁ፤ በተራው የተጎታች ሽቦ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነውና፣ ደመና ቢመጣ እንኳ አንድ ቀን መንዳት አንድ ፀሐያማ ቀን ይተካልናል።